አስር የጎደለው ሜትር

ደግሞስ ማን ሊከለክላት፣ ቀጣሪዋም ራሷ ተቀጣሪዋም ራሷ፣ ካሻት እዚሁ አስፋልቱ መሃል ቆማ ለራሷ የደሞዝ ጭማሪ ትሰጣለች፣ ደሞዙ ዜሮ ስለሆነ እጥፍ ብታደርገውም የድርጅቱን ካዝና አይጎዳ፣ እንዲያውም አስር እጥፍ፣ ቸር አለቃ ናት፣ እንዲህ ዓይነት አለቃ ከዚህ በፊት እናት አልወለደችም። ትስቃለች፣ ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰውዬ መንገድ ይለቅላታል። ይልቀቅ። ቀጠሮ ሊለምነኝ ሲመጣ እንተያያለን።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የመጀመሪያ ደንበኛዋ ቤት እየሄደች ነው፣ መሄድስ አይባልም፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብላ እየተንሳፈፈች፣ ድርጅቱ በሙሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ሆኖ ጉልበቷን ይጎስማታል፣ መቀስ፣ መርፌ ከነክሩ፣ ጨርቅ ላይ ምልክት ማድረጊያ የሳሙና ስባሪ፣ አንድ ሜትር። በቃ። ዘበኛ የለው፣ ማህተም የለው፣ ሕንፃ የለው። ፌስታሉም ከስሩ ሾልኳል፣ ስለዚህ ዋና ሥራ አስኪያጇ ድርጅቱ እንዳይንጠባጠብ በመዳፏ ደግፋዋለች።

መኪናሽስ የታለ? ብላ ነበር ታላቅ እህቷ ትናንት፣ እጇን ወገቧ ላይ ጭና፣ ያቺ ስንት ዓመት ሶፋዋ ላይ ያስተኛቻት እህቷ፣ ሰፊ ነኝ ብለሽ ስትወጪ የስፌት መኪናሽ የታለ፣ በጥርስሽ ልትሰፊው ነው? መኪናማ በየሰው ቤት ሞልቷል እታለም፣ የጠፋው ረጋጩ ነው። እውነቷን ነው ደግሞ፣ አስራ አንድ ዓመት መጋረጃ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ መጋረጃ ሊሰቀል በገባችበት ቤት ሁሉ ያየችውን ያየች እሷ ናት፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ስር ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ስር ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ስር፣ አቤት አቤት፣ የስፌት መኪና፣ ጤነኛ ጥቁር ብረት፣ ከነነፍሱ የተቀበረ። በየቤቱ! ያ ሁሉ መኪና አንድ ቀን ነቅቶ ባንዴ ቢረገጥ ሰማይ ላይ የተቀደደ ደመና አይገኝም ነበር። እሷ እጅ አላት መኪና የላትም፣ እነሱ መኪና አላቸው እጅ የላቸውም፣ ታዲያ እጇን ይዛ በየቤቱ ብትዞርስ? ይህን ካሰበች በኋላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን የሦስቱንም በላችው።

ፍሪላንስ ነው የሚባለው፣ ታክሲ ውስጥ በሬዲዮ ሰምታለች፣ አንድ የተማረ ሰው ድምፁን አለስልሶ፣ የራስዎ ጌታ ነዎት፣ ሰዓትዎን ራስዎ ያዛሉ፣ እያለ ሲያወራ ሾፌሩ ጣቢያውን ቀየረበት፣ የቀረውን ራሷ ሞላችው። እህቷ ግን ፍሪላንስ ማለት ሥራ ፈት ማለት ነው አለች፣ ክራቫት ሲያስር።

እና ሜትሩ። ሜትር ከተባለ። ጋሼ ነው የሸለማት፣ የመጋረጃ ቤቱ ባለቤት፣ ሐሙስ ዕለት ጋሼ እኔ ራሴን ልችል ነው ብትለው፣ ራስሽን? እኔ ከነመኪናዬ ከነሠራተኛዬ ያልቻልኩሽን? አለና ወርክሾፑ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ከዚያ ከመሳቢያው ያቺን ሜትር አውጥቶ አንገቷ ላይ እንደ ሜዳልያ አጠለቀላት፣ ካፒታል ትሁንሽ፣ ስሚኝ፣ እስከ ሰኞ ሁለት ሰዓት ቦታሽን ለማንም አልሰጥም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ሌላ ቆራጭ ደጄ ላይ ተገትሮልሻል፣ አደራ ስትመለሺ ሜትሯን ይዘሻት ነይ። ስትመለሺ አለ። ከተመለስሽ አላለም። ያቺን ሜትር ደግሞ አገር ያውቃታል፣ የዛሬ ስንት ዓመት ተኳሿ ካውያ ረስታባት የመጀመሪያው አስር ሳንቲሜትር ቀልጦ ቀርቷል፣ ጫፏ ላይ የሚነበበው ቁጥር አስር ነው፣ ጋሼ ደግሞ አዲስ ሜትር ከሚገዛ መንጋጋውን ያለ ማደንዘዣ ቢያስነቅል ይመርጣል፣ ስለዚህ ልክ ወሳጁ ከደንበኛ ቤት ሲመለስ ጋሼ ከውስጥ አስር! ብሎ ይጮሃል፣ ልክ ወሳጁ ተቀንሷል! ብሎ ይመልሳል፣ ወታደር ቤት ነው የሚመስለው። እሷ እንኳ ሜትሯን ነክታ አታውቅም። እሷ ቆራጭ ናት። የመቁረጫው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ምንም ያልጎደለው ብረት ማስመሪያ ተቸንክሮላት ነበር፣ በእሱ ነው የቆረጠችው፣ አንድም ቀን ሳትስት። አንድም ቀን! ድፍን አገር ይመስክር።

የደንበኛዋ በር ይከፈታል። እትዬ አዋላጅ፣ ጡረታ የወጡት፣ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ፣ ቀሪውን ግማሽ በአፋቸው የሚያስተዳድሩ፣ የእሳቸው ቃል ንፋስ በማይገባበት ቤት ይገባል፣ ጎበዝ ናት ካሉ መኪና የተቀበረበት ቤት ሁሉ ይጠራታል፣ አበላሸችብኝ ካሉ ደግሞ አለቀ፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ የጋሼ በር። ግቢ፣ አንቺ ነሽ መኪና የሌላት ሰፊ? እኔው ነኝ እትዬ። ምን ችግር አለው፣ እኔም አንድ ሳልወልድ ነው አራት ሺህ ያዋለድኩት።

ጨርቁን ከሣጥን ያወጣሉ፣ ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ አበባ፣ እጃቸው ጨርቁ ላይ ትንሽ ይቆያል። ባለቤቴ ነው ያመጣው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መስኮቱን ራሱ ለክቶ፣ ስንዝር እንኳ አይተርፍም ብሎኝ፣ ሳይሰፋ ሞተ፣ ይኸው ስምንት ዓመቱ፣ ሱቁም ፈርሷል፣ እንዲህ ዓይነት ጨርቅም ዳግም አልታየ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እህቱ ትመጣለች፣ በመጣች ቁጥር የወንድሜን ጨርቅ አይጥ በላው ወይ ትለኛለች፣ ዛሬ ተሰቅሎ ታየዋለች፣ ሁለት መስኮት፣ አራት መጋረጃ፣ ከብረቱ እስከ ወለሉ፣ ገባሽ? ገባኝ እትዬ። የገባትስ ገብቷታል፣ የምትተካው ጨርቅ የለም፣ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ፣ ፌስታሉ ውስጥ መቀሱን ሦስቴ ትዳብሰዋለች፣ ግን በደስታ ነው፣ በደስታ መሆኑን ራሷ ወስናለች፣ አለቃ አይደለች።

ቴሌቪዥኑን ያወርዳሉ፣ ዳንቴሉን ይገፋሉ፣ የተነሳው አቧራ ሁለቱን ሴቶች ለሩብ ሰዓት አያስተያያቸውም፣ እትዬ የት ነዎት? እዚሁ ነኝ፣ አንቺስ? መርገጫው አልነቃነቅ ይላል፣ የመኪና ዘይት የለም፣ እትዬ የፀጉር ቅባታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ ትቀባዋለች፣ መኪናው አንዴ ያቃስታል፣ ሁለቴ ያስነጥሳል፣ በሦስተኛው፣ ትክ፣ ትክ፣ ትክትክትክትክ፣ ቤቱ ሙሽራ ሙሽራ ይሸታል፣ ተነፈሰ! ብለው እትዬ ያጨበጭባሉ፣ ልማድ ሆኖባቸው የመኪናውን ጀርባ መታ መታ ያደርጉታል።

አሁን ልክ። ወንበር ላይ ትወጣለች፣ የሜትሯን የተቃጠለ ጫፍ መጋረጃ መስቀያው ብረት ላይ ትይዛለች፣ ወለሉ ጋ ሁለት መቶ አርባ ይላል፣ ውሸታም፣ እኔን ታታልያለሽ፣ አስር! ብላ ትጮሃለች፣ ተቀንሷል! ብላ ለራሷ ትመልሳለች፣ እትዬ ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ምን ሆንሽ ልጄ? ሥራ ነው እትዬ። ሁለት መቶ ሠላሳ። ቀለበቱ ጨርቁን ከብረቱ ዝቅ የሚያደርገው ለታች እጥፋቱ ይበቃል፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ድፍን፣ በሳሙናዋ ጥቁሩ መኪና ላይ ትጽፈዋለች፣ በትልቁ፣ እንዳይረሳ። ልክ ወሳጅም እኔ፣ ጋሼም እኔ፣ ቆራጭም እኔ፣ ሦስት ሰው በአንድ ቀሚስ። ጨርቁን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፣ ሜትሯን ከጨርቁ ጫፍ ላይ ታነጥፋለች፣ ሁለት መቶ ሠላሳ፣ ሳሙና፣ መቀስ፣ ቅርርርጥ። ይህ ድምፅ። በዓለም ላይ ከዚህ ድምፅ የሚበልጥ ዘፈን አልወጣም። እንደገና። እንደገና። አራት ጊዜ።

ይተርፋል!

ክንድ ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ጨርቅ፣ ስንዝር አይተርፍም ከተባለው፣ ሰው እንዴት ጠረጴዛ ላይ አይጨፍርም፣ እትዬ እጄን አዩልኝ፣ እጄ እኮ ጨርቅ ይወልዳል፣ በዚህች ሁለት የትራስ ልብስ በነጻ እሰፋልዎታለሁ! እትዬ ትርፉን ያዩታል። ሰውዬው እኮ ለክቶ ነበር፣ ይላሉ፣ ለራሳቸው ያህል፣ ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ይከድናሉ፣ እሷም ትረግጣለች፣ ትክትክትክትክ፣ ሰኞ ሁለት ቤት፣ ማክሰኞ አራት፣ ወሩ ሳያልቅ ሠላሳ ሴት ቀጥራ ሁሉም ፌስታል ይዘው በየሰፈሩ ሲፈስሱ፣ ፌስታሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም፣ ያልተቀደደ፣ ጋሼ መጋረጃ ቤቱን ዘግቶ ቅጠሪኝ ብሎ ሲመጣ፣ አይ ጋሼ፣ ቁጭ በል እስቲ፣ ተራ አለ፣ ትክትክትክ፣ ለእህቷ አዲስ ሶፋ፣ ይሄን ያህል የሚረዝም፣ ማንም የማይተኛበት፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚገለጥ፣ እና እህቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ለጎረቤት፣ የኔ እህት እኮ ፍሪላንስ ናት፣ አፏን ሞልታ፣ ትክትክትክ፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ታስገባለች፣ ትረግጣለች፣ አራተኛው ያልቃል፣ የግድግዳው ሰዓት ሰባት ተኩል ይላል። ትሰቅላለች። ከወንበሩ ትወርዳለች። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ።

እ?

ወለሉ ወርዶ ይሆን? ቤትም አንዳንዴ ይሰምጣል፣ ሰምታለች። መጋረጃው፣ አድጎ ሱሪው እንዳጠረው ጎረምሳ፣ ቁርጭምጭሚቱን አሳይቶ ቆሟል፣ ከስሩ ውሃ የበላው የግድግዳ ቀለም ይስቅባታል፣ አራቱም፣ እኩል፣ በሥርዓት፣ አንድ እጅ ያህል፣ አስር፣ አስር? ቆይ፣ አስሩን ቀንሻለሁ፣ ጮኼ ነው የቀነስኩት፣ መስኮቱ ላይ ቀንሻለሁ፣ ጨርቁ ላይ ግን፣ ጨርቁን በምን ለካሁት፣ እዚህ ብረት ማስመሪያ የት አለና፣ በዚችው በተቃጠለችው ሜትር፣ ከተቃጠለው ጫፍ ጀምሬ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ የሚለው ላይ ስቆርጥ፣ ወይኔ፣ ጨርቁ ሁለት መቶ ሃያ ብቻ ነው። ሁለቴ ደንቁራ ቢሆን ልክ ይመጣ ነበር! መስኮቱንም ሁለት መቶ አርባ፣ ጨርቁንም በዚችው ሁለት መቶ አርባ፣ ሁለቱ ስህተቶች ተቃቅፈው ልክ ይሆኑ ነበር። አንዴ ብቻ ብልጥ ሆነች። ያቺ አንዴ በላቻት።

አባርሬሻለሁ፣ ትላለች አለቃዋ። የት ልሂድ? ትላለች ሠራተኛዋ።

እትዬ እንደተደገፉ ናቸው፣ ዓይናቸው ተከድኗል፣ በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ብረቱን ነቅሎ በአስር ዝቅ አድርጎ መምታት፣ በምን መዶሻ። ወይ ጨርቁ ነው ማለት፣ ጋሼ እንደዚያ ነበር የሚለው፣ ሳል ይቀድምና፣ እመቤቴ፣ ሣጥን ውስጥ የኖረ ጨርቅ ንፋስ ሲያገኘው ይሰበሰባል፣ የጨርቅ ጠባይ ነው፣ ሰው ሁሉ ያምነዋል፣ አስራ አንድ ዓመት ሲታመን አይታለች፣ የጨርቁ ጥፋት፣ የክሩ ጥፋት፣ የአየሩ ጥፋት፣ ጋሼ ቤት ጥፋት ሁልጊዜ ባለቤት አለው፣ ጋሼ ብቻ ነው የማይሆነው፣ እሷም ምላሷ ላይ አዘጋጅታዋለች፣ እትዬ ይሄ ጨርቅ እኮ

ምን ያህል አጠረ?

ዓይናቸውን አልገለጡም። ተኝተው አልነበረም እንዴ እትዬ? አርባ ዓመት ምጥ ሰምቻለሁ ልጄ፣ የምትጮኸዋ አታስፈራኝም፣ ዝም ስትል ነው የምነሳው፣ አንቺ ከጠዋት ጀምሮ ስትለፈልፊ ቆይተሽ አሁን ዝም አልሽ። ምን ያህል?

ጨርቁ፣ ትላለች፣ ጨርቁ፣ እና ቃሉ አፏ ውስጥ የሌላ ሰው ጥርስ ሆኖ ይንቀጫቀጫል፣ ጋሼን ተሰናብቼ አልወጣሁም እንዴ፣ ምላሱን ለምን ይዤ ወጣሁ፣ አለቃው ማነው እዚህ ቤት? አስር፣ ትላለች። ጨርቁ አይደለም እትዬ፣ እኔ ነኝ። ሜትሯን ዘርግታ የቀለጠውን ታሳያቸዋለች፣ አንዴ ቀንሳ አንዴ እንደረሳች፣ ሁለቴ ብትረሳ ኖሮ ልክ ይመጣ እንደነበር፣ ሁሉንም፣ አንድም ሳታስቀር፣ እንባዋ እየመጣ። እትዬ መጀመሪያ መጋረጃውን ያያሉ። ከዚያ ሣጥኑን ያያሉ። እዚህ ላይ ፊታቸው ላይ የሚያልፈውን እሷ አትወደውም፣ ስምንት ዓመት ነው የሚያልፈው። ከዚያ ሜትሯን ያያሉ፣ እና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ይስቃሉ፣ ወንበሩ አብሮ ይስቃል፣ ሰውዬው ለክቶ ነበር እኮ ስልሽ! ስንዝር አይተርፍም ሲል ማን ሆኖ መሰለሽ! ታዲያ አስሩ የት ሄደ፣ በላሽው?

የት ሄደ?

ጠረጴዛው ላይ። ትርፉ። የኩራቷ ጨርቅ፣ ነጻ ትራስ፣ ሠላሳ ሴት፣ የእህቷ ሶፋ። አራት ጊዜ አስር። እጇ ጨርቅ አልወለደም፣ ከእያንዳንዱ መጋረጃ እግር አስር አስር ሰርቆ እዚያ ከምሮላታል፣ አንድም አልጠፋ! ጣሪያውን ልትነካ ትዘላለች፣ እትዬ አራት ብጣሽ አደርገዋለሁ፣ ወርዱ እንደሆነ እኩል ነው፣ እቀጥለዋለሁ፣ ከታች አይደለም፣ ከታች ሰው ያያል፣ ከላይ፣ ሽብሽቡ የሚሰበሰብበት ውስጥ፣ ስፌቱ እዚያ ይቀበራል፣ ስፌት የሚበላብኝን ከታች እጥፋቱን ለቀቅ አደርግና፣ አበባውን ከአበባው አጋጥሜ፣ እግዜር እንኳ መነጽር ካላደረገ አያገኘውም! ስንት ሰዓት አለን? ይላሉ እትዬ ተነስተው። አንድ ሰዓት ከሩብ። እንግዲያው መቆም ምንድነው፣ ተቀመጪ፣ እግርሽን አመቻቺ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። እጅጌያቸውን ይጠቀልላሉ። በይ አሁን ግፊ!

ትረግጣለች። ግፊ! አንዱ፣ ትክትክትክትክ፣ እትዬ ጨርቁን ከኋላ ይቀበላሉ፣ በሁለት እጃቸው፣ እንደሚያውቁት፣ ጭንቅላቱ ታየ፣ አይዞሽ፣ ግፊ! ሁለተኛው፣ መኪናው የፀጉር ቅባት እያላበው፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሰምቶ እልል ሊል ነው፣ ቀስ፣ አሁን ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ እንዳይቀደድ፣ ሦስተኛው፣ ክር! ክር ይኸው! እንዲህ ረግጣ አታውቅም፣ ጉልበቷ መንኮራኩር ሆኖ ቤቱ ከመሠረቱ ተነቅሎ መንገድ ሊጀምር ምንም አልቀረው፣ ለጋሼ አይደለም፣ ለማንም አይደለም፣ ራሴው አጥፍቼ ራሴው ሳቀናው እንዲህ ነው ለካ የሚጣፍጠው፣ ግፊ! አራተኛው። እሰይ! ደህና ናቸው፣ አራቱም ደህና ናቸው።

በሩ ሲንኳኳ፣ አራቱንም መልሳ ሰቅላ ከወንበሩ የወረደችበት እግር ገና መሬት አልረገጠም።

የሟች እህት ትገባለች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሰላምታ ሳትጨርስ ዓይኗ መስኮቱ ላይ፣ ቀስ ብላ ትጠጋለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ መጋረጃው ወለሉን ይስማል፣ ጣት አያሾልክም። ወንድሜ ለክቶ ነው የገዛው፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ትንሽ ሰንጠቅ ብሎ፣ ልክ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ልክስ አልመጣም ነበር፣ ይላሉ እትዬ፣ ኧረ እትዬ፣ ኧረ ዝም ይበሉ ትላለች በልቧ፣ ይቺ ልጅ አስር አሳጥራብኝ ነበር፣ ራሷ ነገረችኝ፣ ራሷ ቀጠለችው፣ በይ የት ጋ እንደቀጠለችው አግኚ። ምድር ተከፍታ ትዋጣት፣ ፌስታሏ የት አለ። እህትየዋ መነጽሯን ታወጣለች፣ አንዱን ታገላብጣለች፣ ሌላውን ትዳብሳለች፣ ሁለተኛው መስኮት ጋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የት ጋ ነው? ትላለች በመጨረሻ፣ ተናዳ፣ ንገሪኝ እንጂ አንቺ ልጅ። እትዬ መልሱን ይነጥቃሉ፣ አትነግርሽም፣ የሥራ ሚስጥር ነው። ከዚያ መነጽሩ ይወልቃል። እኔም ቤት መኪና አለ፣ ላዩ ላይ ፍሪጅ ነው የተቀመጠው፣ ፍሪጁን የሚያወርድ ሰው እፈልጋለሁ፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት ትመጪያለሽ?

ሰኞ ሁለት ሰዓት።

ከቀኑ ሁሉ ሰኞ፣ ከሰዓቱ ሁሉ ሁለት። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ ይታያታል። ቆይ ፕሮግራሜን ልይ፣ ትላለች፣ ፌስታሉን ከፍታ ውስጡን በጥሞና ታጠናለች፣ መቀስ፣ መርፌ፣ ሳሙና፣ ከስር በቀዳዳው በኩል የራሷ የእግር ጣት ይታያታል። ይመቸኛል።

ሁለቱ ሴቶች ስለሟቹ ያወራሉ፣ ያ ሰው ሲለካ ምላሱን እንዴት እንደሚያወጣ፣ አንዷ ታስመስላለች ሌላዋ ትስቃለች፣ እሷ አንዴ ብቻ፣ እትዬ፣ የመጨረሻ፣ ብላ መኪናው ላይ ትቀመጣለች፣ አበባ ስታጋጥም ከዳር የተቆረጠች ቀጭን ብጣሽ አለቻት፣ ሰማያዊ ላይ ቢጫ፣ እዚያችው ሜትር ላይ ከሃያ እስከ ሠላሳ ያለውን ትለካለች፣ መሃሉ እንኳ እውነተኛ ነው፣ ለስፌት ትንሽ ጨምራ ትቆርጣለች፣ የቀለጠውን ጫፍ ከብጣሹ ጋር ታጋጥማለች፣ ይቺን ይዘሻት ነይ ብሎ ነበር፣ አልይዝለትም፣ አስር! ይላል ጋሼ ከሩቅ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ካለው ወርክሾፕ፣ አፏ በልማድ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አይቀነስም ጋሼ፣ ከእንግዲህ ከአበባው ነው የሚጀምረው፣ ትክትክትክ፣ ጣቷን ከጫፉ ታስኬዳለች፣ አንድ ቢጫ አበባ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ የሜትሯ አስር፣ ከዚያ አስራ አንድ፣